«ልጄ ሁሉን ነገር ይረሳል» ለምትሉኝ ወላጆች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች አስጠናለሁ። ሰሞኑን ከወላጆች ጋር የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገባል። «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ሁሉን ነገር ይረሳል። ያ ቲክቶክ ላይ የሚያወሩለት ኤዲኤችዲ ይኖርበት ይሆን?» ኤዲኤችዲ ትኩረት ማጣት ወይም መቅበጥበጥ ከዕድሜው በላይ የሚበዛበት የአእምሮ እድገት ችግር ነው። መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል። ልጁን ቀልበ ቢስ፣ ፈዛዛ እያሉ ከመቆጣት በብዙ ይሻላል።

ግን መርሳት ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። የሰባት ዓመት ልጅ ሹራቡን ሜዳ ላይ ጥሎ ይመጣል። ላጲስ በየሳምንቱ ይጠፋበታል። ዘይት፣ ክብሪትና ሳሙና ብላችሁ ሱቅ ልካችሁት፣ መንገድ ላይ ብይ የሚጫወቱ ልጆች ጋ ቆሞ፣ ክብሪት ብቻ ይዞ ቢመለስ ምንም አልሆነም። ብዙ ነገር ባንዴ በአእምሮ መያዝ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው፤ እስከ ጉርምስና ድረስ እያደገ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ልጅ «ኮሙኒኬሽን ቡክህስ?» ስትሉት «ውይ!» ብሎ ሮጦ ያመጣል። ዕድሜው ሲጨምር ደግሞ እየተሻለው ነው የሚሄደው።

ሐኪሞች ኤዲኤችዲንና ሌሎች የአእምሮ ችግሮችን ለመለየት የሚጠቀሙበት ዲኤስኤም-5 የሚባል የአሜሪካኖች መመሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ለትኩረት ማነስ 9 ምልክቶች ይዘረዝራል፣ መርሳት ከዘጠኙ አንዱ ነው። ሌሎቹ ሲያናግሩት የማይሰማ መምሰል፣ የጀመረውን ሳይጨርስ መተው፣ ዕቃ መጣል፣ ረዘም ያለ ሥራ ሲሰጡት መሸሽ፣ የሚያውቀውን ነገር በግዴለሽነት በሚመስል ሁኔታ መሳሳትና የመሳሰሉት ናቸው። ልጅ ላይ ቢያንስ 6ቱ መታየት አለባቸው። ከ6 ወር ያላነሰ መቆየት፣ ከ12 ዓመት በፊት መጀመር፣ ከአንድ ቦታ በላይ መታየትና ኑሮውን ወይም ትምህርቱን መጉዳትም አለባቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ወላጅ በቀላሉ የሚያልፈው «ከአንድ ቦታ በላይ» የሚለውን ነው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚፈዝ ልጅ ከሆነ እዚያ ያለውን ነገር እዩ። ሰሌዳው ይታየዋል? የመምህሩ ድምፅ ይሰማዋል? ዓይንና ጆሮ ማስመርመር ከሁሉ በፊት ነው። እናቱ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ የጀመረው ከሆነ ደግሞ ልጁ ሐሳብ ላይ ነው፤ አዋሩት።

እኛ ሰፈር ሌላም ነገር አለ። እንቅልፍ። ከመሀል ከተማ ተነስተው እዚህ የገቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፣ ልጆቹ ግን የድሮ ትምህርት ቤታቸውን አልለቀቁም። ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ፣ ማታ መንገድ ተዘጋግቶ ጨልሞ ይገባሉ፣ ከዚያ የቤት ሥራ አለ፣ እራት አለ፣ ትንሽ ቴሌቪዥን አለ፣ ሲተኙ 4 ሰዓት ሆኗል። ቁጠሩት፣ 7 ሰዓት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ፤ ጥያቄ እየገለበጠ እርሳሱ ከእጁ ይወድቃል፣ ጎንበስ ብሎ ያነሳና ምን ይጽፍ እንደነበር ይጠፋበታል። እናቱ ኤዲኤችዲ ነው ብላ ደምድማለች። በኋላ እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት አስገቡት። አሁንም ይረሳል፣ ግን እንደ ማንኛውም የስምንት ዓመት ልጅ ነው።

ሌላዋ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት። ፀጥ ያለች ስለሆነች ማንም አይከሳትም። ደብተሯን ስትከፍቱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ያምራሉ፣ አራተኛው ቃል መሃል ላይ ይቆማል። ሒሳቡ ከአማርኛው ጋር ተደባልቋል። እርሳሷን እጇ ላይ ይዛ ትፈልጋለች። ኬጂ እያለች መምህሯ ይህንኑ ብላ ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም እንዲሁ ይላሉ፣ ክረምት የምትከርምባት አያቷም እንዲሁ። አንድ ቀን «ቲቸር፣ እኔ ደደብ ነኝ አይደል?» አለችኝ። ዝም የማይባለው እንዲህ ያለው ነው። እንደ እሷ የማይረብሹ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ ብዙ ጊዜ ሳይታዩ ያልፋሉ። «ካርቱን ላይ ግን ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች» የሚለውም ነገሩን አያስቀረውም፤ ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅም የሚወደው ነገር ላይ ይቆያል።

አንድ ነገር ለብቻው ልንገራችሁ። ልጁ ለጥቂት ሰከንድ ደርቆ የሚያፈጥ፣ ስትጠሩት ስትነኩት የማይመልስ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ ቶሎ ለሐኪም ንገሩ። አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት አለው።

ኤዲኤችዲን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የጭንቅላት ፎቶ የለም። ሐኪሙ እናንተን ይጠይቃል፣ መምህሩን ይጠይቃል፣ ልጁን ያያል። ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ያጽፉላችሁ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል የምትደነግጡ አላችሁ፣ ይገባኛል፣ ስሙ ስድብ ሆኖ ስለኖረ ነው። ግን ልጅን ወደ አእምሮ ሐኪም መውሰድ ልጁን ማሳበድ አይደለም። ጠበል የሚወስድም ይውሰድ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መድኃኒት ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ደግሞ የሚቀድመው ወላጅ ልጁን እንዴት እንደሚይዝ መሠልጠኑ ነው።

አስተዳደጋችሁ ያመጣው እንዳይመስላችሁ። ስኳርም አያመጣውም። በዘር የመተላለፍ ነገሩ ከፍተኛ ነው፣ ስለዚህ «አባቱም እንዲሁ ነበር» የምትሉት ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ይጠቅመዋል።

ስትሄዱ ደብተሮቹን ያዙ፣ ከዘንድሮውም ከአምናውም። የኬጂ ሪፖርት ካርዱን ያልጣላችሁ ደግሞ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከታች መምህሯ በእጇ የጻፈችውን አስተያየት አንብቡት፤ ነገሩ መቼ እንደጀመረ ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።