ሁለት ሳምንት ያለፈው የምላስ ቁስል

ምላስ አጥንት የለውም ሲባል እውነት ነው፤ 8 ጥንድ ጡንቻ ነው። 4ቱ ቅርጹን ይቀያይራሉ፣ 4ቱ ከመንጋጋና በዙሪያው ካሉ ክፍሎች ተነሥተው ያንቀሳቅሱታል። የማይድነው ቁስል ካንሰር ከሆነ ግን ይህ መጥፎ ዜና ነው፤ በጡንቻው ውስጥ የሚያግደው ግድግዳ ስለሌለ በቀላሉ ይጠልቃል። ስለዚህ ሐኪም ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱንም ይለካል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ደረጃው ከፍ ይላል።

የምላስ የፊተኛው ሁለት ሦስተኛ የአፍ ክፍል ነው፣ የኋላው አንድ ሦስተኛ ከጉሮሮ ይቆጠራል። የኋላው ካንሰር ከኤችፒቪ (የማሕፀን በር ካንሰርንም ከሚያመጣው) ቫይረስም ጋር ይያያዛል፤ በመስታወት አይታይም። የፊተኛው ግን ይታያል፣ በብዛት የሚነሣውም ከጎን ጠርዙ ነው። ምላስ አውጥቶ «አ» ማለት እዚህ አይረዳም።

ጠዋት መስኮት አጠገብ ይቁሙ። የምላስዎን ጫፍ በንጹሕ ፋሻ ይዘው ወደ ቀኝ ይሳቡ፣ የግራውን ጠርዝ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ይዩ፤ ከዚያ በተቃራኒው። ምላስን ወደ ላይ አንሥተው ሥሩንም ይመልከቱ፣ በጣት ይዳስሱ። ከኋላ በሁለቱም ጎን የሚታዩት ቀያይ እጥፋቶች ተፈጥሯዊ ናቸው፤ ብዙ ሰው በከንቱ ይደነግጥባቸዋል። የሚያሳስበው በአንድ ጎን ብቻ ያለ፣ ሲዳሰስ የሚጠጥር፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ነገር ነው። ካንሰር መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፤ በዚያው ጎን ጆሮ ላይ የሚሰማ ሕመምም ከምላስ ሊመጣ ይችላል።

ባሕር ዳር ውስጥ አረቄና ሲጋራ አብረው የሚሄዱበት ወንበር ብዙ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ጉዳቱ ይባዛል። ሹል ጥርስ ካለ ያስሞርዱት። ከዚያም ቁስሉ በ2 ሳምንት ካልዳነ፣ ጂቪ (ሐምራዊውን የቁስል ቀለም) እየቀቡ አይቆዩ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ፣ ከቁስሉ ናሙና እንዲወሰድም ይጠይቁ።