ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ይዞ ወደ ደቡብ

ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ካለ እርሱት። የፊት ሌንሱ 70 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ከ140 እጥፍ ካለፈ የሚያሳየው ብዥታ ነው። 525 የሚመጣው 4 ሚሊሜትሩን የዓይን ሌንስ ሦስት እጥፍ በሚያጎላው ባርሎው (ማጉላቱን የሚያበዛ ተጨማሪ ሌንስ) ላይ ሲሰኩት ስለሆነ ሁለቱንም ካርቶኑ ውስጥ ተዉአቸው። የትኩረት ርቀቱ (ከፊት ሌንሱ እስከ ምስሉ ያለው ርቀት) 700 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ለዓይን ሌንሱ ቁጥር ሲካፈል፣ 25 ሚሊሜትሩ 28 እጥፍ፣ 10 ሚሊሜትሩ 70 እጥፍ ያጎላል። ይበቃል።

ቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመችውን ትንሽ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ መፈለጊያዋን፣ ቀን ላይ አስተካክሉ፤ የራቀ የመብራት ምሰሶ ጫፍ በ25 ሚሊሜትሩ ሌንስ መሃል ሲገባ፣ የመፈለጊያዋን ብሎኖች እያዞራችሁ መስቀሏን እዚያው ጫፍ ላይ አሳርፉ። ወደ ፀሐይ ግን በጭራሽ!

ሙሉ ጨረቃ ጥላ ስለሌላት ጉድጓዶቿ ጠፍጣፋ ይመስላሉ፤ ግማሽ ስትሆን ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ተከተሉ። የሳተርን ቀለበት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ነበር፤ ቀጭን በሆነበት ጊዜ 70 እጥፍ ይፈልጋል።

ጥር ማብቂያ ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናት ላይ ነው። ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ትንሽ ወደ ደቡብ በ28 እጥፍ ስትመለከቱ ክንፉን የዘረጋ ግራጫ ጭጋግ ይታያል። ፎቶ ላይ ያለውን ቀይ አትጠብቁ፤ ዓይን በደካማ ብርሃን ቀለም አይለይም። ስልካችሁን አጥፍታችሁ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆዩ፣ ከዚያ ጭጋጉን ሳይሆን ጎኑን እዩ፤ ክንፉ ይረዝማል። በ70 እጥፍ መሃሉ ላይ ተጠጋግተው የቆሙ አራት ኮከቦች ይለያሉ። እዚህ ላይ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ቴሌስኮፕ ያበሳጫል፤ እግሮቹን አሳጥራችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

የእኛ ሰማይ ትልቁ ስጦታ ግን ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ድቡልቡል የኮከቦች ክምችት ነው። ለንደን ላለ ሰው ከአድማስ በላይ አይወጣም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ፊታችሁን ወደ ደቡብ አድርጉ። የደቡብ መስቀል ከሚባሉት መስቀል ከሚሠሩ ኮከቦች በስተግራ ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉ፤ ለመስቀሉ የምትቀርበው ቤታ ሴንታውሪ ናት። ከእሷ ወደ ላይ ኤፕሲሎን ሴንታውሪ የምትባለውን ኮከብ አግኙ፣ በዚያው አቅጣጫ ያንኑ ያህል ልትደርሱ ጥቂት ሲቀራችሁ ብዥ ያለች ኮከብ የምትመስል ነገር አለች። በ28 እጥፍ የጨረቃን ስፋት የሚጠጋ፣ መሃሉ የደመቀ ድቡልቡል ጭጋግ ትሆናለች፤ ሚሊዮኖች ኮከቦች ናቸው። 70 ሚሊሜትር አንድ በአንድ አይለያቸውም፣ ጠርዙ ላይ ግን እንደ ጤፍ ዱቄት ሻከር ይላል። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ፊት ለፊታችሁ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ የቀኑን ሙቀት እየለቀቀ ሊሆን ስለሚችል ቦታ ቀይሩ።