ምንጩ ሲደፈርስ

ዛሬ በጣርማበር ወረዳ አንዲት ቀበሌ ስለ መሬት መንሸራተት በተደረገ ስብሰባ፣ ወንዶቹ ስለ መንገዱና ስለ ማሳው ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «ምንጩ ከደፈረሰ ሦስት ቀኑ ነው፤ የጠየቀን ግን የለም» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። በተዳፋት ቦታ የምንጭ ውኃ በድንገት መደፍረስ መሬቱ ከውስጥ እየተንቀሳቀሰ ለመሆኑ ከሚታወቁት ምልክቶች አንዱ ነው፤ ይህንንም በየማለዳው ጀሪካን ይዛ የምታየው ሴቷ ናት። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው፣ የሴንዳይ ማዕቀፍ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአደጋ ስጋትን ለመቀነስ የሴቶች ተሳትፎ ወሳኝ መሆኑን አስፍሯል፤ በቀረበልን የማስጠንቀቂያ ኮሚቴ ዝርዝር ውስጥ ግን አንዲትም ሴት አልነበረችም። ሌሊት ቤት ልቀቁ ቢባል ሕፃን አዝላ፣ አራስ ደግፋ የምትወጣው እርሷ ሆና ሳለ፣ የመጠለያው መጸዳጃ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ የሚጠይቅላት ማን ነው? ስብሰባው ሲያበቃ እናቲቱ ምንጩን ሊያሳዩን ቀድመውን ወረዱ።