ፖፖው ላይ ጉንዳን

ዛሬ ፋርማሲ ወረፋ ላይ ከፊቴ የነበረች እናት ለልጇ የትል መድኃኒት ጠየቀች። "እየበላ ይከሳል" አለች።

ፋርማሲስቷ ለመስጠት አልቸኮለችም። "ውሃ ይጠጣል?"

"ኧረ እሱስ! ሌሊት ሳይቀር ተነስቶ ጆጉን ይጨርሳል። አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ቆይቶ ነበር፣ አሁን ደግሞ እንደገና ጀመረው።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ፖፖው ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል" አለች።

ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። "የኔ እናት፣ ዛሬውኑ ክሊኒክ ወስደሽ ስኳሩን አስለኪው።"

"ስኳር? የስድስት ዓመት ልጅ?"

ወረፋው ላይ የነበርነው ሁሉ ያንኑ ያሰብን ይመስለኛል። ስኳር የትልልቅ ሰው በሽታ ነዋ! ልጆችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት አንድ የሚባለው ስኳር ግን ከረሜላ ከመብላት አይመጣም። የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ያጠቃና ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባውን ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሴሎች ያጠፋል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ በሽንት ሲወጣ ውሃውንም ይዞ ይወጣል። ጥሙም፣ ክሳቱም፣ ጉንዳኑም ከዚሁ የመጣ ነው።

የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈስ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ። አሜባ ነው፣ ወባ ነው፣ ቡዳ ነው ሲባል ልጁ ራሱን ይስታል። እዚህ ከደረሰ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ምርመራው ግን ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ናት፣ ውጤቱም በሰከንዶች ይታወቃል። እነዚህ ምልክቶች እያሉ መለኪያው 200 (mg/dL) ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ልጁ ቁርስ በላ አልበላ ሳይባል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።