«ኢ» ያለበት ቀስት

ለዲስፓቸርነት፣ ማለትም የአውሮፕላን በረራ ዕቅድ ለማውጣት ሥራ፣ ፈተና ስዘጋጅ ቤቴ ካርታ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ስለሌለ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እውል ነበር። የአየር መስመሮቹ ስም፣ ርቀታቸውና ዝቅተኛው የበረራ ከፍታ ብዙም አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ጄፕሰን የተባለው አሳታሚ በሚያወጣው የበረራ ካርታ አንዳንድ መስመር ላይ ብቻ የሚታይ ትንሽ ቀስት ነው፤ አጠገቡ የእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል አለ። «ኢስት»፣ ምሥራቅ፣ መሰለኝ። ቀስቱ ግን የሚያመለክተው ወደ ደቡብ ነው።

የሰፈራችን ሰው የሆኑ፣ በዲስፓቸርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ካርታውን አሳየኋቸው። መልሱን አልነገሩኝም። «እስቲ የመስመሩን የአቅጣጫ ዲግሪ አንብብልኝ» አሉ። የመጀመሪያው ክፍል 176፣ ቀጣዩ 184።

«ደንቡስ ምን ይላል?»

ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከ000 እስከ 179 ዲግሪ የሚበር በሺህ ሲቆጠር ኢ-ተጋማሽ የሆነ ከፍታ ይይዛል፣ 35,000 ወይም 37,000 ጫማ። ከ180 እስከ 359 የሚበር ተጋማሽ፣ 36,000 ወይም 38,000። መስመሩ 180ን ስለሚሻገር ደንቡ እንዳለ ከተሠራበት አውሮፕላኑ መሐል መንገድ ላይ ከፍታ ሊቀይር ነው። ለካ ካርታው ለዚያ መስመር ብቻ «በዚህ አቅጣጫ የሚሄድ ሁሉ ተጋማሽ ይያዝ» እያለ ነው! ፊደሉ «ኢቨን» ማለት ነው፤ ለኢ-ተጋማሽ «ኦ» ይጻፋል።

ከባዱ ስህተቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማስታወሻ የምይዘው በአማርኛ ስለሆነ «ወደ ደቡብ፦ ኢ» ብዬ ጻፍኩ። ከሳምንት በኋላ ሳየው «ኢ-ተጋማሽ» ብዬ አነበብኩትና የልምምድ የበረራ ዕቅዴን በ37,000 ጫማ ሠራሁ። እኛ ዘንድ «ኢ» አፍራሽ ነው፣ «ኢፍትሐዊ» እንደምንለው። ካርታው ላይ ግን ትርጉሙ ተገላቢጦሽ ነው። ከፊት ለፊት ለሚመጣው አውሮፕላን የተመደበውን ከፍታ ነበር የያዝኩት። ወረቀት ላይ ቢሆንም እጄ ቀዘቀዘ፤ በዚያ ከፍታ ደንቡ ሲጠበቅ እንኳ ሁለቱን የሚለያያቸው 1,000 ጫማ ብቻ ነው።

አሁን ፊደል ብቻውን አልጽፍም፤ ዲግሪውንና ከፍታውን በቁጥር አሰፍራለሁ። አሳታሚው ሲለወጥ ምልክቱም ስለሚለወጥ መጀመሪያ የማነበው የካርታውን የምልክት መግለጫ ነው።

ጋሼ አዲሱን ማስታወሻዬን አይተው «ሲመለስስ?» አሉኝ። ወደ ሰሜን የሚሄደውን ረስቼው ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ «35,000፣ 37,000» ብዬ ጨመርኩበት።