ሜጋፎኑን የቀማኝ ሹፌር

እኛ ቢሮ «የገና በጀት» የሚባል ነገር አለ። ምእመናን ኅዳር ላይ የሚያዋጡት ብር ነው። ከገና በፊት ካላለቀ ጭቅጭቅ ያመጣል። የ2017ቱ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን ይሂድ ተባለ። ስርጭቱን እንድመራ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ።

ምን እንደደረሰ የረሳ ያለ አይመስለኝም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተናደ፤ መጀመሪያ ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ ሮጠ። አካፋ ያጣው በእጁ ቆፈረ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው እነሱ ላይ ነው። በማግስቱ 229 ሰው መሞቱ ሲነገር 148ቱ ወንዶች ነበሩ። ይህችን ቁጥር እኔው ራሴ ሪፖርት ላይ ጽፌያታለሁ። ጽፌ አለፍኩ።

ሹፌራችን የጎፋዋ ከተማ የሳውላ ልጅ ነው። መኪናው ሲጫን ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ብርድ ልብሱን አየና «አለቃ፣ እኛ አገር እኮ ትልቁ በዓል መስቀል ነው» አለኝ። ጋዜ ማስቃላ ይሉታል፤ ዘመን መለወጫቸው ነው። ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፤ የትም ያለ ልጅ ቤቱ ይገባል። ናዳው በወረደ በሁለት ወሩ ነው መስቀል የደረሰባቸው።

«ታዲያ በጀቱ የገና ነው፣ ምን ላድርግ?» አልኩት። ዝም አለ።

ዝርዝሩን ያገኘሁት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። ስልክ ደወልኩ፤ አንድ ሰው የአባወራ መዝገብ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት። ተራ ቁጥር፣ የአባወራ ስም፣ ፊርማ። በፊደል ተራ አስያዝኩት፣ መስመር አሰመርኩለት። ሲታይ ያምራል። መዝገቡ መቼ እንደተጻፈ ግን አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ፣ ሰዉ ከየመጠለያው ወጥቶ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ሜጋፎኑን ያዝኩና መጥራት ጀመርኩ። አንደኛው መጣ፣ ፈረመ፣ ወሰደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ጠራሁ፤ መልስ የለም። አልሰማ ይሆናል ብዬ ድምፁን ጨመርኩ። አሁንም የለም። አራተኛውም የለም። «ኧረ አባወራዎች፣ ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ!» አልኩ። ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አምስተኛውን ስጠራ ቆማ የነበረች አንዲት ሴት እዚያው ቁጢጥ አለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። አጠገቧ የነበረ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዞር ብሎ መንገዱን አየ። የተጠራው ሰው ከዚያ በኩል የሚመጣ መስሎት።

ሹፌሩ ሮጦ መጥቶ ሜጋፎኑን ከእጄ ቀማኝ። «ተው! የሞቱትን ነው እኮ የምትጠራው!» አለኝ። ወረቀቱን አየሁት። 64 ስም አለ። ስንቱ በሕይወት እንዳለ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከእኔ እጅ ወጣ፤ ደግ ሆነ። ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በጎፍኛ ሁለት ሦስት ነገር ተናገሩ፤ ሰዉ በየጎረቤቱ ተሰብስቦ ተቀመጠ፤ ድሮ ተራራው ላይ ይኖር እንደነበረው። እያንዳንዷን ሴት በራሷ ስም ጠሩ። አባትም እናትም የሌላቸውን ልጆች ማን እንደሚያሳድጋቸው ያውቃሉ፤ የልጆቹን ድርሻ ለአሳዳጊዎቹ ሰጡ። እኔ ለሦስት ሰዓት ያቀድኩት በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። ያን ያማረ ፎርም ገለበጥኩና ጀርባው ላይ አውራ ጣት አስፈረምኩ።

በበጀቱ የተገዙት በሬዎች የታረዱት በገና ጠዋት ነው። ሥጋው የእንሰት ኮባ ላይ ሲመደብ ሽማግሌው በዘንጋቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። እኔ ደግሞ አያርፍልኝም፣ የሰውና የመደቡን ልክ አስተያየሁ። ለአንደኛው በሬ የተሰበሰበው ዘጠኝ ሰው ነው፤ መደቡ አሥራ አራት። ትናንት የሆነው ሆኖ ዛሬ ሽማግሌውን ላርም አልደፈርኩም። ሹፌሩን በጆሮው ጠየቅኩት፤ እሱ እሳቸውን ጠየቀ።

እነዚህ ሰዎች ዱሮም አብረው ቅርጫ የሚገቡ ናቸው አሉ። የአምናው መስቀል አሥራ አራት ነበሩ። ዘንድሮ መስቀል ላይ የቀሩት ዘጠኙ ለማረድ አንጀታቸው እምቢ ብሎ ቀርተዋል። አሁን በሬው መጣ፤ ቅርጫው በድሮው ልክ ይመደብ ተባለ። አምስቱን መደብ ልጆች በኮባ ጠቅልለው ወደየቤቱ ይዘው ሄዱ። አንዱን የወሰደው ያ ትናንት መንገዱን ያየው ልጅ ነው። ከበደው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ አስቀምጦ አነሣው።

ቢሮ ስመለስ ሒሳብ ክፍል «የአባወራዎቹ ፊርማ የታለ?» አለኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ሰጠሁት። ትንሽ አጉረመረመና ተቀበለ። አሁን ፎርሙ ላይ «አባወራ» የሚለው የለም፤ «ተቀባይ» ይላል። መዝገቡ የተጻፈበት ቀን ከላይ ካልተሞላ አይታተምም።

ለሚቀጥለው ዓመት የጎፋው ብር ነሐሴ ላይ ይለቀቅልን ብዬ ደብዳቤ አስገባሁ። ኃላፊዬ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

«ነሐሴ ላይ ደግሞ ምን በዓል አለ?»

ሹፌሩን ጠራሁት።