ይገናኛሉ ወይ?

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ። ዶሮው እሳት ላይ ነው። የሽንኩርቱ ጭስ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ጊዜ ስልኬን ይዤ ደጅ ወጥቻለሁ። ብዙዎቻችሁ "ዘንድሮስ ምን አነበብሽ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ወጡ እስኪበስል ልንገራችሁ።

የበዓሉ ግርማን ልቦለድ ኦሮማይን በመጨረሻ ጨረስኩት። የወጣው በ1975 ነው፤ ቋንቋው ግን ትናንት የተጻፈ ይመስላል። የአስመራውን ክፍል ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያነበብኩት። እውነቱን ለመናገር ፀጋዬን አልወደድኩትም። እሱ ስለ ፊያሜታ ሲያወራ እኔ አዲስ አበባ የቀረችውን ሮማንን ነበር የማስበው። መጽሐፉን ስዘጋው ግን ከገጸ ባሕርያቱ ይልቅ በዓሉ ግርማ ራሱ ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው። በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። የት እንደወደቀ ዛሬም አይታወቅም።

የዳኛቸው ወርቁን ልቦለድ አደፍርስን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም አስቀምጬው ነበር። ከበደኝ። በሦስተኛው ድምፄን አውጥቼ ሳነበው ገባልኝ። ሞክሩት።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ትዝታ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ የሕይወት ትዝታ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ነበሩ። ራስ እምሩ ተከበው እጃቸውን የሰጡት ጎጀብ ላይ ነው፤ በዚሁ በያዝነው ወር፣ በታኅሣሥ 1929። ጎጀብ እኮ ወደ ቦንጋ ስንሄድ የምንሻገረው ወንዝ ነው! ስንት ጊዜ በሚኒባስ እንቅልፍ እየጣለኝ አልፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሐዲስ ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። ልቦለዳቸው ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 የታተመው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ትዝታን ፈልገሽ በአውቶቡስ የላክሽልኝ ጓደኛዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበለው ዝናብ ነበር፤ ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።

ስለሌሎቹም ልጽፍላችሁ ነበር። አልሆነልኝም። የዘንድሮው ንባቤ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ አክስቴ ይወስደኛል።

እታለም ነው የምንላት። ዕድሜዋን በሙሉ ቡና ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ድሮ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው፣ ከሥራ ስትመለስ ጎረቤት ቤት በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከዚያ ባለሬዲዮዎቹ ቤት ቀየሩ። ታሪኩ እዚያው ተቋረጠባት። ይህን የነገረችኝ ባለፈው ክረምት ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን መጨረሻውን ሳታውቅ ኖራለች!

ትረካውን ስልኬ ላይ ጫንኩላት። ማታ ማታ ቡና እየተፈላ፣ ስልኩን ረከቦቱ ጥግ አስቀምጠን መስማት ጀመርን። ጎረቤታችን እማማም ከመግሪብ ሰላት በኋላ እየመጡ አብረውን ይሰሙ ነበር።

እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ የጉዱ ካሳ ንግግር ሲረዝምብኝ ገጽ እዘል ነበር። በወጋየሁ ድምፅ ስሰማው ግን አንድም ቃል እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም። እታለም ደግሞ ጨነቃት። "ይኼን ሰውዬ ማን ያበላዋል?" አለች። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጣ እኔ እሱን ስጠላ፣ እሷ ለሚስቱ ለወይዘሮ ጥሩአይነት ታዝናለች። "በሰውዬውና በልጅቷ መሀል ሆና፣ እሷ ምን ትሁን?" ስንት ዓመት ያወቅሁትን መጽሐፍ እናቲቱን ሳላያት ነው ያነበብኩት። ትረካ መስማት ማንበብ አይደለም የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ በዚህ ነገር ከእናንተ ጋር አልስማማም። እታለም ያንን መጽሐፍ ከኔ የበለጠ አንብባዋለች።

ጥቅምት ላይ ታመመች። ሆስፒታል ገባን። ስልኩንም ይዘን ነው የገባነው። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ የወጣችበት ላይ ደርሰናል። አንድ ሌሊት ትንፋሿ እየተቆራረጠ እጄን ያዘችኝ።

"ልጄ፣ ይገናኛሉ ወይ?"

"ይገናኛሉ" አልኳት።

ውሸት አይደለም። ይገናኛሉ። እንዴት ሆነው እንደሚገናኙ ግን አልነገርኳትም።

"እሰይ። በይ ዝጊው፣ ባትሪሽ አይለቅ" አለች።

በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ስለዚህ ዘንድሮ "እንኳን አደረሳችሁ" የምለው ሰው በየስሙ ይመጣብኛል። ያቺ የሌሊት ነርስ፣ ድምፁን ቀንሰን እንድንሰማ የፈቀደችልን፣ አንዳንዴም የመድኃኒት ሳህኗን ይዛ እዚያው ቆማ የምትሰማው፣ እንኳን አደረሰሽ። አጠገባችን ከተኛው ልጅ ጋር ከሊሙ የመጣኸው አባት፣ ቻርጀርህን ሳንጠይቅህ ያቀበልከን፣ ልጅህ ድኖ ቤትህ ገብቶ ይሆን? በየዋዜማው እሱን አስታውሳለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስደውልልህ ባጃጅህን አስነስተህ የመጣኸው የሰፈራችን ልጅ፣ ዛሬ ማታ ዶሮውን ሳትቀምስ እንዳታልፍ። ዘንድሮ ሰው ቀብራችሁ በዓሉን ቤት ዘግታችሁ የምትውሉም ካላችሁ ጻፉልኝ። መልስ እሰጣለሁ።

ከአርባዋ በኋላ እማማ ቡና ጠሩኝ። ስለ ብዙ ነገር አወራን። ከዚያ ድንገት፣ "እንደው ያቺ ልጅ፣ አገኘችው?" አሉኝ። ለካ እሳቸውም ቀርቶባቸዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። መንገድ ላይ ወንበዴ እንደጎዳው፣ ሊሞት ሲል እንደደረሰችለት፣ መቃብሩ አጠገብ መንኩሳ እንደኖረች። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ለእታለም ምን አልሻት?"

"ይገናኛሉ አልኳት።"

"ደግ አደረግሽ" አሉና ስኒዬን ተቀብለው ቶናውን ቀዱልኝ።

አሁንም ከግድግዳው ወዲያ እየጠሩኝ ነው። ቡናው ደርሷል። መልካም ገና ይሁንላችሁ።